ደገኛ ዝንብ፣ ቆለኛ ዝንብ

ባለፈው እትም ስለ ፍራፍሬ ዝንብ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሙዝና ማንጎ ላይ የሚያንዣብቡት ደቃቃ ዝንቦች በደጋና በቆላ ይለያያሉ፣ ልዩነቱም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል ነው ያልኩት። በቃ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ፒያሳ ቡና ስጠጣ ሳይቀር አንዱ ጎልማሳ ወንበሩን ሳብ አድርጎ መጥቶ "አንተ ነህ የዝንቡ ሰውዬ?" አለኝ። እንግዲህ ስም ወጣልኝ። ዛሬ ዓምዱን ሙሉውን ለዝንብ ሰጥቻለሁ። የጨጓራና የጸጉር መነቃቀል ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ "የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። መተማ ሰሊጥ እጭናለሁ። እዚያ ጁስ ቤት የማያቸው ዝንቦች ደቃቃና ፈዛዛ ቢጫ ናቸው። ደባርቅ እህቴ ቤት ያሉት ግን ጠቆር፣ ወፈር ይላሉ። ይህን ስናገር ረዳቴ ይስቅብኛል። ዐይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?" (ከአዘዞ)

ዐይንህ ደህና ነው ወንድሜ። ረዳትህን ይህን አንብብለት።

ነገር ግን ያየኸው ልዩነት ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል፣ ሁለቱን መለየት ደግሞ የዚህ ሁሉ ወሬ ቁልፉ ነው። አንደኛው አስተዳደግ ነው። የአንዲት እናት እንቁላሎችን ለሁለት ከፍለህ ግማሹን 25 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ፣ ግማሹን 18 ዲግሪ ውስጥ ብታሳድግ በብርድ ያደጉት ተለቅ ብለውና ጠቁረው ይወጣሉ። ሙቀት ላይ ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ገደማ ይበቃቸዋል። በ18 ዲግሪ ግን እጥፍ ያህል ይፈጃል። ተንቀርፍፈው ያድጋሉ፣ ግን ይገዝፋሉ። እዚህ ውስጥ የዘር ለውጥ የለም። የደባርቅን ዝንብ እንቁላል መተማ ብታሳድገው እሱም ትንሽ ይፈዝዛል።

ሁለተኛው ዘር ነው። ይህን ለማየት ሁለቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አስገባቸው። አንድ ዓይነት ሙቀት፣ አንድ ዓይነት ምግብ ስጣቸው። የመጀመሪያዎቹን ተዋቸውና ልጆቻቸውን፣ ቢቻል የልጅ ልጆቻቸውን ተመልከት። አሁንም የደጋው ጠቁሮ የቆላው ፈዝዞ ከቀጠለ ብርዱ አይደለም ያጠቆረው። ይዞት የመጣው ነገር አለ ማለት ነው።

ተመራማሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ ያውም በእኛ ሀገር ዝንብ። ከፍቼ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከዶዶላ፣ ከቦንጋ፣ ከማሻ፣ ከዝዋይ፣ ከጋምቤላ የተሰበሰቡ ዝንቦች አሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ፑል የሚባል የዘረመል ተመራማሪ ቤተ ሙከራ ደርሰዋል። ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያፈሩም ኖረዋል። ቪዛ የጠየቃቸው አለ ብላችሁ ነው? በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የወጣው ጥናት ከሰሃራ በታች ካሉ ሀገሮች የመጡ ዝንቦችን አንድ ላይ አሳድጎ ቀለማቸውን ሲለካ፣ ከሁሉም የጠቆሩት የኢትዮጵያ ሆነው ተገኙ። ከፍቼ አካባቢ የተወሰዱት ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የኖሩ ናቸው።

እዚህ ላይ እኔም የተገረምኩበት ነገር አለ። ሰው ሁሉ "ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል፣ ስለዚህ ብርድ ነው ያጠቆራቸው" ብሎ ይገምታል። እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። ጥናቱ ግን የዝንቦቹን ጥቁረት ከሙቀት መጠኑ ይልቅ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር ነው አብሮ ሲሄድ ያገኘው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ፀሐዩም ይለበልባል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ለብሰህ እየተንቀጠቀጥክ ፊትህ የሚላጠው ለምን መሰለህ።

አሁን ዘሩ ራሱ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። የዝንብን ቀለም ከሚያዙት ጂኖች፣ ማለትም ከወላጅ ከሚወረሱት ትእዛዞች፣ አንዱ "ኢቦኒ" ይባላል። ስሙ ጥቁር እንጨት ማለት ነው፣ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጂኑ ሲሠራ ሰውነቷ ቢጫ ይሆናል። ሥራውን ሲያቆም ወይም ሲቀንስ ነው የምትጠቁረው። ስሙን ያወጡለት ሲበላሽ የሚሆነውን አይተው ነው። በዩጋንዳ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ጥቁር ዝንቦች ሲመረመሩ የኢቦኒ ጂን ራሱ ደህና ነው። የተለወጠው አጠገቡ ያለው፣ "የት ቦታ ምን ያህል ሥራ" እያለ የሚያዘው ክፍል ነው። መብራቱ ሳይሆን ማብሪያ ማጥፊያው ተነካ ማለት ነው። እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ቢያንስ 5 ለውጦች ተደራርበው ነው ዝንቡን ያጠቆሩት። ከእነሱም ገሚሱ ድሮውንም በሌሎች ዝንቦች ዘንድ የነበረ፣ ገሚሱ አዲስ የመጣ ነው። አንድ ጀንበር ላይ የሆነ ነገር አይደለም።

መጠኑስ? እሱም በዘር ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ዝንቦች የዘሩ መነሻ አካባቢ ከሆነችው ከዛምቢያ ቆላ ዝንቦች ጋር እኩል ሲያድጉ ይበልጧቸዋል። ክንፋቸው ረጅም ነው። እንቁላላቸው ተለቅ ያለ፣ ቁጥሩ ግን ያነሰ ነው። ደገኛዋ ዝንብ ጥቂት ወልዳ በደንብ ታሳድጋለች ልበል?

መንገድ ላይ ስትቆም አጉሊ መነጽር ካለህ ሴቷን ተመልከት። ወንዱ የትም ቢወለድ ጭራው ጥቁር ስለሆነ ያሳስትሃል። ሴቷን አዙረህ ከክንፎቿ መሐል፣ ጀርባዋ ላይ እይ። መንሽ የመሰለ ጥላ ታያለህ፣ ሦስት ጣት ያለው የአውድማ መንሽ። ቆላ ላይ የማይታይ እስኪመስል ድረስ ይደበዝዛል። ደጋ ላይ በከሰል የተሳለ ይመስላል።

እና አንድ ነገር ጨምር። አንተ ራስህ ዝንብ ታመላልሳለህ። ከሰሊጡ ጋር ማንጎ ይዘህ ከመተማ በወጣህ ቁጥር ቆለኛ ዝንቦች ጎንደር ገብተው ከወይና ደጋዎቹ ጋር ይጋባሉ። ስለዚህ መሐል ቦታ ላይ ቀለሙ ድብልቅልቁ ቢወጣብህ አትደነቅ።

ጥያቄ፦ "ጠላ ነጋዴ ነኝ። ጋኑን በደንብ አጥቤ፣ ከድኜም እነዚህ ዝንቦች ከየት ይመጣሉ? ጠላው ራሱ ነው የሚወልዳቸው ይላሉ።" (ከቅዳሜ ገበያ)

እትዬ፣ ጠላው አይወልዳቸውም። ሽታው ግን ይጠራቸዋል። እርሾና ሆምጣጤ መሰል ሽታ ለእነሱ የምሳ ደወል ነው። በስንጥቅ ይገባሉ፣ የተፈሰሰ አተላ ላይ፣ የበሰበሰ ሎሚ ላይ፣ እርጥብ ማሰሻ ጨርቅ ላይ ሳይቀር ይጥላሉ። ከ10 ቀን በኋላ የሚወጡት እነዚያ ናቸው። እንቁላሉ ከቁንጫ ያንሳል፣ ለዚያ ነው ከየትም ያልመጡ የሚመስሉት። በብርጭቆ ትንሽ አቼቶ ወይም የተረፈ ጠላ አድርጊና ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪበት። ሳሙናው የፈሳሹን ገጽ ስለሚያላላው ቆመው መጠጣት አይችሉም፣ ይሰምጣሉ። አተላውን ግን ቤት ውስጥ አታሳድሪ፣ ዋናው እሱ ነው።

ደግሞ መጠጥ ውስጥ እየኖሩ አልኮሉ የማይገድላቸው ለምን እንደሆነ ጠይቀሽ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ስላልጠየቅሽ ራሴ እመልሳለሁ። አልኮል የሚያፈርስ ጂን አላቸው፣ "ኤዲኤች" ይባላል። እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል፣ የሚያድገው በሚብላላ ፍሬ ውስጥ ነው፣ ያለዚህ ጂን አልኮሉን በደንብ አይችለውም። ጂኑ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ፈጣን ነው፣ አልኮሉን ቶሎ ያፈርሳል። ሌላው ቀርፋፋ ነው፣ ግን ሙቀት ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ ከሞቃታማው ሰሜን ወደ ቀዝቃዛው ደቡብ በሄድሽ ቁጥር ፈጣኑ እየበዛ፣ ቀርፋፋው እያነሰ ይሄዳል። እዚያ የምድር ወገብ ያለው በሰሜን በኩል ነው፣ ደቡብ መሄድ ብርድ መሄድ ነው። ተመራማሪዎች ይህን በ1980ዎቹ መግቢያ ገደማ ለክተውት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሰው ያንኑ መንገድ ሲለኩ መስመሩ ተንሸራቷል። የሰሜኑ ዓይነት ወደ ደቡብ 4 ዲግሪ ኬክሮስ ያህል ወርዶ ተገኘ። ይህ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ ቢለካ ያለውን ርቀት ያህል ነው። በ20 ዓመት። አየሩ ሲሞቅ ከቴርሞሜትር ቀጥሎ ያወቀው ዝንብ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ "የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ 'ዝንቧ ብርዱን ስትለምደው ልጆቿም ለምደውት ይወለዳሉ' ብለው ይጽፉልኛል። ቀይ እስክሪብቶ ጨረስኩ። በቀላሉ እንዴት ላስረዳቸው?"

መምህር፣ ቀዩን አስቀምጥና እርሻ ውሰዳቸው።

አንድ ገበሬ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ዘራ እንበል። የደጋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ዝናብ ያነሰበት ዓመት መጣ። ገብሱ ቻለ፣ ስንዴው መነመነ። ገበሬው ካጨደው ላይ ለዘር አስቀርቶ በዓመቱ ሲዘራ ቁናው ውስጥ ያለው ገብስ ካምናው በዝቷል። እንግዲህ ስንዴው ወደ ገብስ ተለውጧል? አልተለወጠም። አንዲትም ፍሬ አልተለወጠችም። የተለወጠው የቁናው ድብልቅ ነው። የዝንብ መንጋም እንደዚያ ቁና ነው። አንዷ ዝንብ ብርድ አትማርም። ብርድ የሚችሉት ተርፈው ይወልዳሉ፣ የማይችሉት ይሞታሉ ወይም ጥቂት ይወልዳሉ። በሚቀጥለው ትውልድ የመንጋው ድብልቅ ይለወጣል። ገብስና ስንዴ ባይዳቀሉም፣ ዝንቦቹ ግን ስለሚዳቀሉ ጂኖቹ በየትውልዱ እንደ ካርታ ይበወዛሉ። እዚያ ላይ ምሳሌዬ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ አትግፋው።

ተማሪዎችህ "ይህ እኮ ሺህ ዓመት ይፈልጋል" ካሉህ አሜሪካ ያለችውን ፔንሲልቬኒያን ንገራቸው። እዚያ ባለ አንድ የፍራፍሬ እርሻ ላይ ዝንቦችን ብርዱ እንዳለፈና ብርዱ ሊገባ ሲል እየያዙ ጂናቸውን ሲያነቡ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ ድብልቁ ከወቅት ወቅት ይወዛወዛል። የብርዱን ወራት የተረፉት ብርድ የሚችሉ ናቸው። ሙቀቱ ሲገባ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚወልዱት ይበልጧቸዋል። በዓመቱ እንደገና። ከዚያ በ2022 የታተመ ሌላ ሥራ አለ። እዚያው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኮክ የተተከለባቸው 10 ትልልቅ አጎበሮች ሠርተው፣ በሁሉም ውስጥ አንድ ዓይነት መንጋ ለቀቁ። እየቆዩ ናሙና ሲወስዱ አሥሩም እርስ በርስ ሳይገናኙ ተመሳሳይ ጂኖች ላይ ወደ ተመሳሳይ አቅጣጫ ሄዱ። አንዱ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ትላለህ። አሥር ሲሆን ግን?

ደግሞ ክሮሞሶም፣ ማለትም ጂኖቹ ተደርድረው የሚቀመጡበት ክር፣ ላይ የሚያስገርም ብልሃት አለ። አንዳንዴ የክሮሞሶም አንድ ቁራጭ ተቆርጦ፣ ተገልብጦ ይሰካል። ከመጽሐፍ 50 ገጽ ገንጥለህ ዘቅዝቀህ እንደመስፋት ነው። ገጾቹ አልጎደሉም፣ ቅደም ተከተሉ ግን ዞሯል። ይህ የተገለበጠ ቁራጭ ካልተገለበጠው ጋር እንደልብ መለዋወጥ አይችልም። ስለዚህ በውስጡ ያሉት ጂኖች እንደ ማኅበርተኛ አብረው ይወረሳሉ። ለሙቀት የሚጠቅሙ ጂኖች አንድ ቁራጭ ውስጥ ከታሰሩ ቆላ ላይ ያ ቁራጭ ይነግሣል። ከላይ ለእትዬ በነገርኳት የአውስትራሊያ መስመር ላይ ከኤዲኤች ጋር አብሮ የተንሸራተተው እንዲህ ያለ ቁራጭ ነው፣ ሦስተኛው ክሮሞሶም ላይ። ይህን ነገር ቀድሞ በሌላ የዝንብ ዝርያ ያጠናው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ነበር። ካሊፎርኒያ ተራራ ላይ፣ በ1940ዎቹ፣ የተገለበጡት ቁራጮች በወቅትና በከፍታ ሲለዋወጡ አይቷል። ያኔ ጂን ማንበብ የለም። የእጩን የምራቅ ዕጢ ፈልፍሎ ክሮሞሶሙን በማይክሮስኮፕ እያየ ነው የቆጠረው።

አንድ የምወደውን ልጨምርልህና ልልቀቅህ። የአውሮፓ የሆነች አንዲት የዝንብ ዝርያ በ1978 ቺሊ ውስጥ ታየች፣ ብዙም ሳይቆይ በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ። አውሮፓ ውስጥ ወደ ብርድ በሄድክ ቁጥር ክንፏ ይረዝማል። ሰሜን አሜሪካ እንደገባች አካባቢ ግን ደቡብም ሰሜንም ያለችው ክንፏ ያው ነበር። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ሲለካ እዚያም ወደ ሰሜን ክንፉ ረዝሟል፣ ልክ እንደ አውሮፓው። ነገር ግን አውሮፓ ላይ የረዘመው የክንፉ ሥር፣ አሜሪካ ላይ የረዘመው የክንፉ ጫፍ ነው። መድረሻው አንድ፣ መንገዱ ሌላ። ለፈተና ጥያቄ ይሆንሃል።

ጥያቄ፦ "በዚህ ኑሮ ውድነት ስለ ዝንብ መጻፍ አታፍርም?"

አላፍርም። ልጅ ከወላጅ የሚወርሰው ነገር ክሮሞሶም ላይ እንደተቀመጠ በደንብ የታወቀው ቶማስ ሞርጋን በ1910 አንድ ነጭ ዐይን ያለው ወንድ ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ አግኝቶ ነው። ኖቤል ሸለሙት፣ በ1933። በ2017 ደግሞ ሰውነታችን ቀንና ሌሊትን እንዴት እንደሚያውቅ የተሸለሙት ሦስት ሰዎች የሠሩት በዚሁ ዝንብ ነው። የጤፍ ዋጋ ቀንሱ ያለ ካለ እኔም አብሬህ እጮሃለሁ።

ጥያቄ፦ "ጎርጎራ አካባቢ ማንጎ አለኝ። ጤነኛ የሚመስለው ፍሬ ሲከፈት ትል ነው። ይሄ የምትለው ዝንብ ነው?"

አይደለም፣ ጋሼ። ስማቸው ነው ያምታታው። እኔ የማወራላችሁ ዝንብ የደረቀ ሩዝ ፍሬ እንኳ አታክልም፣ ዐይኗ ቀይ ነው፣ የምትፈልገውም የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ፍሬ ነው። የእርስዎ ጠላት ሌላ ቤተሰብ ነው። ከቤት ዝንብ ብዙም የማታንስ፣ ተርብ የምትመስል፣ ገና ዛፍ ላይ ያለውን ጤነኛ ማንጎ ወግታ እንቁላሏን ውስጡ የምታስቀምጥ። ከእስያ የመጣችው ዓይነት አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተያዘችው በ2003 ኬንያ ነው። የወደቀውን ፍሬ እየለቀሙ በወፍራም ፌስታል አስረው ፀሐይ ላይ ያቆዩት ወይም ጥልቅ አድርገው ይቅበሩት። ዛፍ ስር ተዉት ማለት ለከርሞ ዘር አስቀመጡላት ማለት ነው። ወንዶቹን የሚስብ ወጥመድም አለ፣ የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ "ዝንብ ይህን ያህል ቶሎ ከተላመደ ዓለም ቢሞቅም ሁሉም ነገር ይላመዳል ማለት ነው? ታዲያ ምን ያስጨንቀናል?" (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት፣ መልሱ ግን አይደለም ነው። በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ እርጥብ ደን ውስጥ የምትኖር አንዲት የዝንብ ዝርያ አለች። አሪ ሆፍማንና ባልደረቦቹ ቤተ ሙከራ አስገብተው ለ30 ትውልድ ያህል ድርቀት የተሻለ የቻሉትን ብቻ እየመረጡ አራቧት። መጨረሻ ላይ? ምንም። እንደነበረች ናት። የመንጋዋ ቁና ውስጥ ገብስ አልነበረም። ድርቅ የሚችል ዘር ድሮ ከሌለ ምርጫው ከምን ይመርጣል? በ2003 ነው ያሳተሙት። ስለዚህ የእኛዋ የፍራፍሬ ዝንብ ዓለምን ስለዞረች ሌላው ሁሉ ይከተላታል ማለት አይደለም። እሷ መንጋዋ ብዙ ነው፣ ትወልዳለች፣ ቁናዋ ድብልቅ ነው።

እሷም ብትሆን ገደብ አላት። ይህን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። አምና የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ የተጨመቀ ሙዝና ትንሽ እርሾ አድርጌ፣ አፉን በሻሽ ቁራጭ በላስቲክ አስሬ ዝንብ ማርባት ጀምሬ ነበር። እናቴ "ሰው ላም ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፣ ዝንብ ያረባል እንዴ?" ብላ ጠርሙሱን ከሳሎን አውጥታ ማድቤት መስኮት ላይ አስቀመጠችው። የእኛ ማድቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ወሩም ሚያዝያ። ሳምንት ሙሉ ዝንቦቹ በሕይወት አሉ፣ ይራመዳሉ፣ ይጋባሉ። እንቁላልም አየሁ። እጭ ግን የለም። ሙዙ ላይ አንዲት የምትንቀሳቀስ ነጭ ክር የለችም። ለካ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወንዱ ይመክናል። አልሞተም፣ ግን ዘር የለውም። ጠርሙሱን አምጥቼ አልጋ ስር ቀዝቃዛ ቦታ ሳስቀምጠው ከቀናት በኋላ እጩ መጣ። ስለ ሙቀት ስናወራ ሁሌም የምናስበው ስለ ሞት ነው። ዘር ግን ሞት ሳይመጣ በፊት ሊቋረጥ ይችላል።

ጣሊያን ውስጥም እንዲህ ያለ አጋጣሚ ነው ትልቅ ነገር ያስገኘው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፌሩቾ ሪቶሳ የሚባል ተመራማሪ እጮቹን በማሞቂያ ሳጥን አስቀምጦ ነበር። አንድ ባልደረባው ሳጥኑን ነካክቶ ሙቀቱን ጨመረው። ሪቶሳ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ክሮሞሶሞቹ ላይ ድሮ ያልነበሩ እብጠቶች አሉ። ጂኖች በሙቀቱ ነቅተው ሥራ ጀምረው ነው። በ1962 አሳተመው። ዛሬ የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖች ይባላሉ፣ ሌሎቹ ፕሮቲኖች በሙቀት እንዳይኮማተሩ እንዳይላቀቁ ደግፈው የሚይዙ ናቸው። ዝንብ ላይ ተገኙ እንጂ እኔም አንተም ውስጥ አሉ። እንቁላል ሲጠበስ ነጩ የሚረጋው ፕሮቲኑ ቅርጹን አጥቶ ነው። እነሱ የሚከላከሉት እንዲያ እንዳይሆን ነው።

ጥያቄ፦ "እኛ ደባርቆችስ? እኛም እንደ ዝንቡ በዘር ደገኛ ነን ወይስ ስለለመድነው ነው?" (ከደባርቅ)

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከስሜን ካልመጣ ከየት ይምጣ። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር መጥታ እናንተው አቅራቢያ፣ ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ አምባራስ ላይ 236 ሰው መርምራለች። ቦታው 3,530 ሜትር ነው። ከዚያ በፊት የሚታወቀው ሁለት ዓይነት ደገኛ ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ኦክስጅን ሲያንሳቸው ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል፣ ከፍ ይላል፣ ደማቸው ይወፍራል። የቲቤቶቹ ሄሞግሎቢን ያን ያህል አይጨምርም፣ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ግን ዝቅተኛ ነው። አምባራስ ላይ ሁለቱም የለም። ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ነው፣ ደማቸው የያዘው ኦክስጅንም እንደዚያው። ሦስተኛ መንገድ። ይህ በ2002 ታተመ። (ባሕር ዳር አላልኩም፣ ባሕር ዳርቻ ነው ያልኩት። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ነው።)

ከቆላ መጥቶ ደባርቅ ላይ ወር የተቀመጠ ሰው ትንፋሹ ይመለስለታል። እሱ መልመድ ነው፣ ዘሩ አልተነካም። የእናንተ ግን ከመልመድ ያለፈ ነገር እንዳለበት የዘረመል ጥናቶቹ ያሳያሉ። በ2014 የታተመ አንድ ሥራ የኢትዮጵያ ደገኞችን ሙሉ የዘር መዝገብ አንብቦ፣ 19ኛው ክሮሞሶም ላይ ተለይቶ የተመረጠ ቦታ አገኘ። እዚያ ውስጥ ካሉት ጂኖች የሦስቱ አምሳያ ዝንብም ላይ አለ። ሰው ላይ ጂን አጥፍቶ መሞከር አይቻል፣ ዝንብ ላይ ግን ይቻላል። የእነዚያን ሦስት ጂኖች ሥራ ዝንብ ላይ እየቀነሱ፣ ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ቦታ አኖሯቸው። ሦስቱም ላይ ዝንቦቹ ካልተነኩት የተሻለ ቻሉ።